የመረቡ ዓይን

ሐይቅ በሌለበት ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ከቆርቆሮ ሥር፣
ክሩ ጣቴን እየላጠኝ፣ መረብ ስቋጥር ነው የማድር።

ትናንት ከሐይቅ አሊጋዝ መጣ፣ ጭቃው ባልደረቀ ጫማ፣
«ዓይኑን አጥብቢልኝ» አለ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ።
«አራት ጣት የነበረውን ወደ ሁለት አውርጅልኝ፤
ትልቁ ቆሮሶ እኮ ከጥር ወዲህ ጠፋብኝ።»

አልፈረድኩበትም። ባዶ ጆንያ ነው የያዘው፤
እኔም ኪራይ አለብኝ፣ ወሩ ነገ ነው የሚሞላው።

ግን እጄ እንቢ አለ።

ሁለት ጣት የምታህል ዓሣ፣ ገና ያልወለደች ናት፤
እሷን ዛሬ ብንበላት፣
ይብራው ምን ሊል ይመጣል? አምባዛስ ምኑን ያድናል?
ደንገሉ ታጭዶ ካለቀ፣ ጫጩቷስ የት ይጠለላል?
ዳገቱም እየታረሰ፣ አፈሩ ውሃውን ሲያለብስ...
መረብ ዓሣ ብቻ አይይዝም፤
ዓሣን የያዘውም ሁሉ አብሮ ነው የሚግበሰበስ።

አራት ጣት ሠራሁለት። ብሩን ለመስከረም አልኩት።
ተቆጣ። ዝም አለ። ኋላ፣
እጁን በመረቡ ዓይን አሾልኮ ለካው፦
አራቱ ጣቶቹ አለፉ፤
አውራ ጣቱን ያዘው።