ጢስ መውጫ አያጣም

ጃህራ ጥር ሲገባ በረሃው በረደ፤
የአቡ መሽዓል ግንድ ሌት ተቀን ነደደ።
እሱ እጁን ይሞቃል፤ ጢሱ አጥር ይዘላል፣
ከኛ ጣራ ወጥቶ አንሶላ ይለብሳል።
ሦስት ጊዜ አጥቤው ሦስቴ ጢስ ጢስ ሸተተ፤
ትንሹ ልጅ ሲስል ሌሊቱ ተጎተተ።
እመቤት በጠዋት "ሂጂ ንገሪው" አለችኝ፣
ቁልፏን ከቦርሳዋ አውጥታ በሩን ከፈተችልኝ።

በሰባት ወሬ ነው መንገድ የረገጥኩት።

ሽማግሌው ብቻውን። ከጎኑ ባዶ ወንበር።
"ያ ዐሚ፣ ጢስህ..." አልኩ፤ ቀሪው ዓረብኛ ጠፋ።
መቆንጠጫውን አንስቶ ፍሙን ወደዚያ ገፋ፤
"ነገም ካስቸገረሽ መጥተሽ ንገሪኝ" አለ።

ተመለስኩ። ቁልፉ ከኋላዬ ሁለቴ ዞረ።

ዛሬ ጣራው ላይ ንጹሕ አንሶላ ሳሰጣ፣
ጣቴን በምራቅ አርሼ ነፋሱን ፈለግኩት፤
ወደኛ እንዲመጣ
ቀስ ብዬ ለመንኩት።