አንድ ክር፣ አንድ ፍሬ

አርባ ዓመት ሰፍቼ፣ ሐይቅ ገበያ ዳር፣
ክር ምን እንደሆነ ያስተማረኝ፣ በቆሎ ነበር።

አምና አንድ ረድፍ ብቻ፣ አጥሩን አስጠግቼ፣
እንደ ጠርዝ ስፌት፣ ቀጥ አድርጌ ዘርቼ፤
አገዳው በቁመት፣ እኔን አልፎ ሄደ፣
ቁንጮው ላይ አበባው፣ እንደ ዘርፍ ወረደ።
እሸቱን ብገልጠው ግን፣ የስድስት ዓመት ልጅ አፍ፤
እዚህ ጥርስ፣ እዚያ ድድ፣ መሐሉ ላይ ባዶ ሰልፍ።

ዘሩን ሰደብኩት፣ ፍጉን ሰደብኩት፣
የሸጠልኝንም፣ የሱሉላውን ሰው ረገምኩት።
ዘምዘም ግን ካጥር ማዶ፣ ሻሿን እያራገፈች፣
«ያንቱ በቆሎ ዱቄት ነው፣ የነሰነሰኝ» አለች።
«ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ፣ ወደኔ ነው የሚነዳ፤
አበባዎ ለኔው እሸት ዘንቦ፣ ያንቱ ጓሮ ባዶ ሜዳ።»

ቁጭ ብዬ አየሁት። ከላይ ወንዱ አበባ፣
ከቅጠሉ ብብት ሥር፣ ሴቷ በልባስ ተከብባ፤
ካፏ የወጣው ሐር፣ ሲነኩት ያጣብቃል፣
ነፋስ የሚጥልለትን፣ እንደ ምላስ ይጠብቃል።
ጢም ነው ስንል የኖርነው፣ እያንዳንዱ ክር ነው ለካ፣
ጫፉ ውጭ የሚዋልል፣ ሥሩ አንዲት ፍሬ የነካ።
አንድ ክር ለአንድ ፍሬ፤ ትርፍ የሚባል አያውቅም፤
ጫፉ ብናኝ ያልቀመሰ፣ ሥሩ ቁልፍ አይተክልም።

ዘንድሮ ረድፉን ትቼ፣ እንደ መሐረብ አራት ማዕዘን፣
ስድስት በስድስት ዘራሁት፣ አንዱ ለአንዱ እንዲያዝን።
ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ፣ ፀሐይ ሳትጠነክር፣
ቢጫ ብናኝ በከረጢት ይዤ፣ እዞራለሁ ክር ከክር።
ልጄ ከኮምቦልቻ መጥቶ፣ «አባዬ ምን ነካህ?» ሲለኝ፣
«ዝም በል፣ ሠርግ ላይ ነኝ» አልኩት፤ ንቡ ሳቀ መሰለኝ።
የጠገበው ክር ጠወለገ፣ ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ፤
ያልጠገበው እየረዘመ፣
እየረዘመ፣ ነፋስ ሲጠብቅ አደረ።

ጳጉሜ ላይ የመጀመሪያውን፣ ልባሱን ገፈፍኩት፤
ጥርስ በጥርስ፣ ሰልፍ በሰልፍ፣ በጣቴ ቆጠርኩት።
አንዲት ብቻ ጎደለች፣ ከወገቡ በታች፤
የትኛዋ ክር ነበረች፣ ሳላያት ያለፈች?

እሸቱን በአጥር ላይ፣ ለዘምዘም አቀበልኳት፤
«አምና ይሻለኝ ነበር» አለች፤ ጎዶሎዋን አሳየኋት።
ጣቷን እዚያው አሳርፋ፣ ትንሽ ዝም ብላ ቆየች፤
«ይቺማ እኔ ዘንድ ናት፣ ነፋስ አመጣት» አለች።