ጠጠሩ ሲጀምር

ቅዳሜ ማለዳ ቪትዟን አስነሥቼ፣
አባዬን ከጎኔ ደግፌ አስገብቼ፣
ቀበቶ ሳስርለት እጄን መታ አርጎ
«ሾፌሩስ እኔ ነኝ፤ አንቺ መሪ ያዢ» አለኝ፣ ሳቁን ሸሽጎ።

ዐይኑ ከፈዘዘ ሦስት ክረምት አለፈ።
ከዚያ በፊት ግና በግሬደር ወንበር ላይ ዕድሜው የከነፈ፣
የጣናን ዳር አገር፣ ከዘጌ እስከ ወረታ፣ እንደ ጠጉር ያበጠረ፣
የቱ ኩርባ አፈሩ እንደሚከዳ፣ የቱ ቦይ እንደሚያኮርፍ
በወገቡ አጥንት ሲያነብ የኖረ፣
ስንሻው ኦፕሬተር፤ ይኸው ነው አባቴ።

ዓባይን ተሻገርን። «ጉማሬው ወጥቷል ወይ?»
«የለም፤ አንድ ታንኳ ብቻ፣ ደንገል የጫነ፣ ከውሃው ላይ።»
«ታች ነው እንግዲህ፤ ሰው ያፍራል» አለኝ፣ እንደ ጎረቤቱ።
ዘንዘልማን ስናልፍ ግን ጠቆረ ፊቱ።

አስፋልቱ ሐር ሆኖ ጎማው አይናገር፤
«የት ደረስን?» ይላል፤ እነግረዋለሁ፣ መንደር ከመንደር።
ያየሁትን ሁሉ እቆጥርለት ጀመር፦
ጫት የጫነ ሚኒባስ፣ የገልዳ ድልድይ ላይ የተሰጣ ነጠላ፣
ከሩዝ ማሳ መሃል በአንድ እግሩ የቆመ ሽመላ።
«ተዪው ልጄ» አለኝ፤ «ይሄንንስ ሬዲዮኑም ያወራኛል።»

ድሮ እያንዳንዱ ጉድጓድ ስም ነበረው ከሱ ዘንድ፦
«የአምባቸው ጥርስ» አለ፣ የረዳቱ ክራንቻ የወለቀበት፤
«ዕቁብ» ደግሞ ሌላዋ፣ ለሾፌር ሁሉ በየተራው የምትወጣለት፤
«የናትሽ ሳቅ» ያላትም አለች። የት እንደሆነች፣ ለምን እንዲያ እንዳላት
እናቴ እስክትሞት ጠየቅሁት፤ ከሞተችም ወዲያ።
አልነገረኝም።

ዐይኑን ግላኮማ፣ ጉድጓዶቹን ሬንጅ ወሰዳቸው፤
ከሁለቱ የትኛው እንደከፋው
ደፍሬ አልጠየቅሁም።

ሐሙሲት። ገበያው ገና አልሞላም። ወደ ግራ ታጠፍሁ።
አስፋልቱ አለቀ፤ ጠጠሩ ጀመረ፤
ቪትዟ ተንገጫገጨች፣ የበሯ ኪስ ውስጥ ሳንቲም ጨፈረ፤
አባዬ ጀርባውን ከወንበሩ አላቆ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አኖረ፣
የጠፋ መጽሐፉን እንዳገኘ ደብተራ።

«ቀስ በዪ። ዳገት ነው። ጫፉ ላይ ቀይ አፈር፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይዞራል፤
ኩርባው ሥር ዋርካ አለ። አለ?»
«አለ» አልሁት። ግማሹ መድረቁን አልነገርሁትም።
«ዋርካውን እንዳለፍሽ ጣና ለአንዳፍታ ብልጭ ይላል፣
እንደ ቢላ ስለት፤ ወዲያው ቡናው ይጋርደዋል።»
አንገቴን አዞርሁ።
ብልጭ አለ፤ ተጋረደ።
በዚህ መንገድ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ዐይን ነበረኝ። አላየሁትም።

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከቦዩ አጠገብ፣ ድንገት ድምፁ ተለወጠ፦
«አሁን ንጂ! ፍሬን እንዳትነኪ!»
ነዳሁ። መኪናዋ ዘለለች፣ ሆዴ አየር ላይ ቀረ፣
ከጉሮሮዬም ያላዘዝሁት ሳቅ ሾልኮ በረረ፤
ረጅም፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሽሮ የሚንተከተክ፣
የኔ ያልሆነ ሳቅ።

አባዬ ወደ ድምፁ ዞረ።
«እዚህች ናት» አለ።

«የሠርጋችን ሰሞን፣ አለቃዬ ሳያይ፣ ግሬደሩ ላይ ሰቅያት፣
እዚህች ላይ ስንደርስ...» አለና ተወው።
ቆይቶ፦ «ከዚያ ወዲያ ባለፍሁ ቁጥር ምላጩን አነሣላት ነበር።
አለቃው ‹ይቺንስ ለምን አትደለድላትም?› ሲለኝ
‹ውሃ አለባት› እለዋለሁ።»

ቆራጣ ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ።
ጣና ከጥቁሩ ድንጋይ ጋር በሹክሹክታ ይከራከራል፤
ስለ ቀለሙ አልጠየቀኝም፤ ደሴቶቹን ልቁጠርልህም አላልሁት።
መረብ የሚጠግን ጎልማሳ «በዚህ መንገድ፣ በዚች መኪና፣ ማነው የነዳ?»
ሲለን፣ «እኔ ነኛ» አለ አባቴ፣ ትሑት እንደ እንግዳ።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፦
«ስንመለስ፣ እዚያች ላይ፣ ትንሽ ፍጥነት ጨምሪ።»