ጸንቷል

ፈቃዷ ይጸና ዘንድ፣ ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦
«ከመቶ ሃምሳ ቀን ያለፈ ዕረፍት ያሰርዛል።»

ዊኒፔግ፣ የካቲት። ታሩሺ ቀን ትቆጥራለች ከአልጋዋ፣
በጎሽ ማግኔት ከለጠፈችው ሰሌዳ፣ ከማቀዝቀዣዋ።

ሥራውን ሕጉ ከለከላት፣ ትምህርቱን ወገቧ፤
በአባቷ ብድር ነው የሚገዛው ቀለቧ።

አከራይዋ ኦክሳና፣ በእጇ የቀይ ሥር ሾርባ፣
«አርፈሽ ተኚ እንጂ» ትላታለች ድምጿን አለዝባ።

ታሩሺ መለሰች፣ ዓይኗ ከጎሹ ሳይነቀል፦
«ማረፉንስ አረፍኩ፤ ዛሬ ዘጠና አንድ ይሞላል።»

በመቶ አርባ ስምንተኛው፣ በክራንች፣ በበረዶ፣
ከመዝገብ ቤቱ ደረሰች፣ ግራ እግሯ ነዶ።

«ጸንቷል» አላት መዝጋቢው፣ ፈቃዷን አይቶ።
ወንበር ፈለገች በዓይኗ።
እውነቱን ነው፤ ጸንቷል፣ ከወገቧ ገብቶ።