ስምንት ምት ዝምታ

ዓሣ በጢስ ይደርቅበት የነበረ ክፍል ነው ስቱዲዮዬ፤
ግድግዳው እስከ ዛሬ ይሸታል፣ ተላምዶታል አፍንጫዬ።
ግሪምስቢ ነው አገሩ፤ መርከቦቹ የሄዱበት ወደብ፣
ባሕሩ እንደ ባለዕዳ፣ ሲመሽ ብቅ የሚልበት በሰበብ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ክላይቭ ኦልድሮይድ መጣ፤
ጊታሩን እንደ ታመመ ልጅ አቅፎ፣ ደረጃዬን እያረፈ ወጣ።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ሲታጠፍ ይንቋቋል፤
«እሱንም ቅዳው» አለኝ፣ «ከእኔ ይልቅ ምት ይጠብቃል።»

እናቴ የዚህን ሰው ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፋ ነው ያደገችው፤
በየሐሙሱ በቴሌቪዥን፣ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ ስትጠብቀው ያመሸችው።
ስለ ፀጉሩ ምን ልበል? ነፋስ የወሰደውን ነፋስ ይመልሰው።
ኮቱ ግን አለ፤ የልጅ ልጁ ለትምህርት ቤት ድራማ፣ ሐኪም ሆኖ ለበሰው።

ዘጠኝ ዘፈን ይዟል፤ «ውዴ» የሚል ቃል በአንዱም የለም፤
ስለ ጥርስ ሐኪም ወረፋ፣ ስለ ሸጠው ቤት የግድግዳ ቀለም፣
ስለ አባቱ የዓሣ ቢላ፣ ስልክ ስለማያነሣ ወንድ ልጁ።
ድምፁ የከረመ በር ነው፤ ሲጥ ሳይል አይከፈት ደጁ።

ላስተካክለው አልኩ። ዛሬ ማሽን አለ፣ ስንጥቁን ይደፍናል፣
ዝቅ ያለውን ያነሣል፣ ሽማግሌ ጎረምሳ ይሆናል።
«ተወው» አለ ሻዩን እያማሰለ። ስኳር የለውም፣ ሐኪሙ ከልክሎታል፤
እጁ ግን ማማሰሉን አልረሳም፣ ባዶውን ያዞረዋል።

አሥረኛው ቀረ። አሮጌው። ሁሉም የሚያውቀው።
«ሐሙስን ጠብቂኝ»፤ እናቴን ያስለቀሰው፣ ለእሱ ቤት የገዛለት፣ ቤቱንም መልሶ የነጠቀው።
መሐሉ ላይ አንድ ድምፅ አለ፣ እንደ ወፍ ጣራ ጥሶ የሚወጣ፣
በየሠርጉ ሰካራም ሁሉ ሞክሮት ጉሮሮውን ያጣ።
ሁለት እርከን ዝቅ አድርጌ ልቀይርለት አሰብኩ፤
«አሁን አይደርስበትም» ብዬ፣ በልቤ ለክብሩ ተሳቀቅኩ።

አቆመኝ። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረ።
«ያ ድምፅ» አለ፣ «የእኔ አይደለም። ድሮም የእኔ አልነበረ።

ኔቪል ታትል ነው የዘፈነው፤ ከበሮ መቺው፣ ተብታባው፤
ስሙን ሲናገር ግማሽ ቀን የሚፈጅበት፣ ሲዘፍን ግን ምንም የማይገታው።
እኔን ጉንፋን ይዞኝ፣ ስቱዲዮው በሰዓት ይከፈል ነበርና፣
‹አንዴ ሞክረው› አሉት፤ ሞከረው። አንዴ። ሌላ አላስፈለገምና።
ከዚያ ወዲያ በየመድረኩ አፌን እከፍታለሁ፣ የእሱ ድምፅ ይወጣል፤
እሱ ከኋላ ከበሮ ይመታል፤ ካሜራው እኔን ያሳያል።
‹ንገር› ብሎኝ አያውቅም። እኔም ‹ልንገር› አላልኩትም።
አርባ ሦስት ዓመት። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም።

ኋላ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፣ እስከ ክሊቶርፕስ የሚሄደውን፤
አንድ ቀን ተሳፍሬ ዘፈኑ በሬድዮ መጣ፤
በመስታወቱ አየኝና፣ ከፍ አደረገው ድምፁን።

ቀብሩ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ባለፈው መጋቢት።
ማንም አልዘፈነ። እኔማ... በየትኛው አፌ? በየትኛው ድፍረት?»

ዝም አልን። ውጭ አንድ ነገር ጮኸ፤ ክሬን ይሁን አሞራ።
ቀይዋ መብራት እንደበራች ነው፤ ላጥፋት ብል ጣቴ ፈራ።

ከዚያ ዘፈነው፤ በድሮው ቅኝት፣ ዝቅ ሳያደርገው፣ በደከመ ጉሮሮ፤
ያች ቦታ ስትደርስ አፉን ገጠመ፤
እንግዳ እንደሚያስቀድም ሰው፣ በሩን ይዞ፣ አቀርቅሮ።
ስምንት ምት። በእግሩ ይቆጥራል። ጉልበቱ ይንቋቋል።
ስምንት ምት፣ የኔቪል ቦታ፤ ማንም አልገባበትም፣ ሞልቷል።

አከፋፋዩ ደወለልኝ፤ «አሥረኛው ላይ ድምፅ ጠፍቷል፣ ስሕተት አለ።»
«ነበር» አልኩት፤ «አርባ ሦስት ዓመት ነበር። አሁን ተስተካከለ።»

እናቴ ሳህን እያጠበች ሰማችው፤ ምንም አልነገርኳት።
ያች ባዶ ቦታ ስትመጣ፣ ሳታስበው፣ ድምፅዋ አመለጣት፤
ተሰነጠቀ፣ ግማሽ መንገድ ደረሰ፣ ቧንቧው ሥር ወደቀ።
«እኔ ነኝ እንዴ?» አለች ዞር ብላ። ሳህኑ እጇ ላይ ደረቀ።