የገመዱ ልክ

በብሪታኝ ዳርቻ፥ ኤርኪ ወደብ ላይ፥ ባሕር ይመጣና
ጀልባውን ያነሣል፥ እንደ ሕፃን አዝሎ፤
ስድስት ሰዓት ቆይቶ፥ ሳይሰናበት ይሄዳል
ጭቃ ላይ ጥሎ።

ኖልዌን እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ አንድ።
ሥራዬ ማሰር ነው፥ የሰው ጀልባ በገመድ።
በእጄ ያለፈውን ቋጠሮ ቆጥሬ አላውቅም፤
የታንጊን ዝምታ ግን፥ ደቂቃ በደቂቃ፥ ቆጥሬ አልጠግብም።

መልእክት ላክሁለት። አንብቦታል፤ አየሁ።
አንብቦታል! ታዲያ ምን አጠፋሁ? አልሁ።
ትናንት ሳቄ በዛ? ሾርባው ጨው አነሰው?
«ናፈቅኸኝ» ማለቴ፥ እሱ ነው ያሸሸው?
እሱ ስልኩን ኪሱ ሲከት
የእኔም ዋጋ አብሮ ኪሱ ውስጥ ይጠፋል፤
ሲመልስልኝ ሰው ነኝ፤ ሲዘገይ
መስታወት ፊት መቆም ያሳፍረኛል።

ታንጊ ክፉ አይደለም።
ጉንጩን ስዳብሰው ትዝ ይለዋል ሞተር፤
«ዘይቱን ልየው» ይላል፤ ትናንትም አይቶት ነበር።
በሰባት ዓመቱ፥ ካምፔር፥ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስገቡት
«ወንድ ልጅ አያለቅስም» ብለው ሻንጣውን አስያዙት።
ኩራት ነው ስል ኖሬ፥ ለካስ ፍርሃት ነው፤
የእኔው ፍርሃት፥ ኮቱን ገልብጦ የለበሰው።

የእኔ አባት ደግሞ መርከበኛ ነበር፤
ሲመጣ ስጦታ፥ ሲሄድ ቀን አይነግር።
የመስኮቱን ብርድ በግንባሬ ለምጄ አደግሁ፤
ፍቅር ማለት መጠበቅ ነው ብዬ ደመደምሁ።

ባለፈው ኅዳር
አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ጥርቅም አርጌ አሰርሁ፤
ውሃው ሞልቶ፥ ከግንቡ እኩል ሳለች፥
እንዳትሄድ ፈርቼ ገመዷን አሳጠርሁ።
ሌሊት ውሃው ሸሸ።
ጠዋት ስደርስ፥ በአፍንጫዋ ተንጠልጥላ፥
ቀለበቷ ተነቅሎ፥ ጎኗ ተሰንጥቆ።
ሽማግሌው ጉልቬን አልተቆጣም። ፒፓውን አራገፈና
«ልጄ፥ ላላ አርጊው» አለ፥ «ለጉድለቱም ቀን ያህል፤
የከረረ ይበጠሳል፥ ያልታሰረም ይሄዳል።»

ከዚያ ወዲህ ዳንሁ አልልም።
ብቻ ስልኬን መሳቢያ ከትቼ ወጣሁ፥ አንድ ቅዳሜ፤
የአንድ ሰው ጠረጴዛ ጠየቅሁ፥ በገዛ ስሜ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የጥቁር ስንዴ ቂጣዬን ግን በላሁ።
ሳልጨርስ ታንጊ መጣ፥ እጁ ዘይት እንደ ነካ።
«ስደውል አታነሺም» አለ። እሱም ይፈራል ለካ።
ወንበር ሳብሁለት፤ ትንሽ ራቅ አርጌ፥
ባሕሩ ቢመጣ፥ ባሕሩ ቢሄድ
የሚበቃ ያህል ገመድ።