ወንበር ደርዳሪው

ዘማሪ ልሁን ብዬ፣ ሦስት ቀን ጾሜ፣
ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረብኩ ቆሜ፤
ጋሽ ሀሜሶ አዩኝ፣ ፈገግ አሉና፣
"ድምፅህ ሻካራ ነው፣ ክንድህ ግን ደኅና፤
ወንበር ደርድርልን" አሉኝ በትሕትና።

ቅር አለኝ። ሳምንቱን ከመናኸሪያ አቶቴ
በባጃጅ ስመላለስ አልቆ ጉልበቴ፣
እሑድም ተሸካሚ? ይህ ነው ወይ ጸሎቴ?
እያልኩ አጉረመረምኩ። ሄድኩ ግን፣ በጨለማ፣
ከአሞራ ገደል የዓሣ ሻጭ ድምፅ ሳይሰማ፤
ታቦር ጉም ተከናንቦ፣ ሐዋሳ ተኝታ ገና፣
በስልኬ ብርሃን ቁልፉን አገኘሁና

መቶ ሠላሳ ሰባት ሰማያዊ ፕላስቲክ
አንዱን ካንዱ ሳላቅቅ፣ ሳሰልፍ ልክ በልክ፣
አንድ ቀን ጣቴን ቆንጥጦኝ ክፉ ቃል አመለጠኝ፤
ባዶው ቆርቆሮ ቤት ቃሌን መልሶ አስደነገጠኝ።

ዓመት ሲሞላኝ ግን ወንበሩ ሰው መሰለ፤
ያ በመስኮቱ በኩል፣ ትንሽ ዘመም ያለ፣
የእማማ ዱካሌ ነው፣ ወገባቸው ስላልተሻለ።
በሩ ጋ ያሉት ሁለቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣
ስብከት ረዘም ሲል ስልክ ላይ የሚያርፉ ዓይኖች።
ከምሰሶው ኋላ አርፋሴ፣ ድምፅ ሳታሰማ የምታለቅስ፣
ማንም ለምን ሳይላት፣ ዝማሬው እስኪያልቅ ድረስ።
ስማቸውን ማንሳት ጀመርኩ፣ አቧራውን በጨርቅ ሳብስ፦
"ጌታ ሆይ፣ የዱካሌን ወገብ"፣ ቀጥሎ፣ "የአርፋሴን ነገር"፤
ጸሎት መሆኑንም አላወቅሁም ነበር።

ሦስተኛው ረድፍ፣ ዳር ላይ፣ አንድ ወንበር ሰው አጣ።
አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ፣ አምስተኛውም መጣ።
የማን እንደሆነ መጠየቅ አልፈለግሁም፤
የሌዳሞን ወንበር እንዴት አላውቅም?
ለጎማ መግዣ ብሎ አራት ሺህ ተበድሮኝ፣
"ለፋሲካ" ሲለኝ ፋሲካው አልፎ ሄዶብኝ፣
ከአምልኮ ስንወጣ፣ በሩ ላይ፣ ሰው እየሰማኝ፣
"ሃሌ ሉያህን ተውና ገንዘቤን!" ያልኩት እኔው ነኝ።

ሰባኪው በዚያ ሰሞን ስለጠፋው በግ ሲያስተምር
"አሜን!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባዶዋን ወንበር ማየት ሳልደፍር።
መቶ ሠላሳ ስድስት ሞልቶ አንዱ ቢጎድል ምን ሆነ?
ልቤ ሲሟገት አመሸ፤ ሞግቶ ግን አልዳነ።

ማክሰኞ ማታ፣ በዝናብ፣ ባጃጄን ወደ ዳቶ አዞርኩ፤
ጭቃው ጎማዬን ሲውጠው፣ ወርጄ እየገፋሁ ደረስኩ።
ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ጥቅስ ሳይቀር ከነቁጥሩ፤
ሁሉም ጠፋኝ ሲከፈት የቆርቆሮ በሩ።
ለዕዳው የመጣሁ መስሎት፣ ሳልተነፍስ "የለኝም" አለ።
"ወንበርህ" አልኩ እኔ፣ "እግሩ ተሰብሮ ስለዋለ
በሽቦ አስሬዋለሁ። ና ሞክረው፣ ከቻለ።"
ሌላም አልተባባልን። ሚስቱ በቆሎ አቀረበች፤
ትንሿ ልጁ የባጃጄን ጡሩምባ ነክታ ሳቀች።

እሑድ መጣ። ግን በሦስተኛው ረድፍ አይደለም፤
ከኋላ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ አልተቀመጠም።
ቀጥሎ ባለው እሑድ ግን፣ ቁልፍ ይዤ፣ ጎህ ሳይቀድ፣
ቀድሞኝ በረንዳው ላይ፣ እጁን በብብቱ ከቶ፣ በብርድ።
አንዱን ጫፍ ያዘ፣ አንዱን ያዝኩ፣ ቁልሉን አወረድን፤
ስለ ገንዘብ አላነሳን፣ ስለ ይቅርታም አልተናገርን።

ትቼዋለሁ ብል ዋሸሁ። የዕዳ ደብተሬ ላይ
ገጹ አልተቀደደም፤ አልፎ አልፎ ገልጬ ሳይ
ያ አራት ሺህ ሆዴን ይቆርጠዋል፣ እስካሁን ድረስ።
ከጎኑ ግን ጽፌያለሁ፣ ስጸልይ እንዳልረሳ፣ በእርሳስ፦
"የልጅቷ ጥርስ።"

ድምፄ ዛሬም ሻካራ ነው። ዘማሪ አልሆንኩም።
መቶ ሠላሳ ሰባት ብዬ ቆጥሬም አላበቃሁም፤
ጋሽ ሀሜሶ ሌላ ሃያ አስገዝተዋል፣ አዳዲስ፣
የማን እንደሚሆኑ ገና አላወቅሁም።